መጋላ ያረሰችበት ዓመት

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሀብቴ መጣና «አባባ፣ ነገ ደብረ ታቦር ይውረዱልኝ፤ ዕቃ ልገዛ ነው» አለኝ። ሀብቴ ፈረስ ያረባል። ለጋሪ የሚሆነውን ይሸጣል፣ ለሠርግ የሚያምረውን ያከራያል፤ ባዝራዎቹን፣ የሚወልዱትን ሴቶቹን ማለቴ ነው፣ ከግቢ አያወጣም። ፈረሱ ሲበዛበት የእጅ ሥራ አልበቃው አለና ገለባ የሚከትፍ ማሽን፣ ጋሪና የጋሪ መጎተቻ ሊገዛ ተነሣ።

«እኔ ስለ ማሽን ምን አውቅልሃለሁ?» አልሁት።

«ስለ ማሽኑ ሻጩ ያውቃል። ስለ ፈረሱ አንቱ ያውቃሉ።»

ብልጥ ነው። እንዲህ ካለኝ እንደማልቀር ያውቃል።

ሱቁ ከባጃጅ ተራው አጠገብ ነው። ሻጩ ደህና ልጅ ነው፣ ወንበር አወጣልኝ። ማሽኑን አስነሥቶ ገለባ አጎረሰው፤ ይከትፋል፣ ክፉ አይወጣለትም። ጋሪውንም ዞርሁት፤ ጎማው ጠንካራ፣ ወለሉ ሰፊ ነው፤ ይሁን አልሁ። መጎተቻው ጋ ስንደርስ ሁለት አወረደልን። አንዱ የናይለን ነው፣ ቀይ፣ ያብረቀርቃል። ሁለተኛው የቆዳ ነው፣ መልኩ እንኳ ደስ አይልም። ሀብቴ ቀዩን አነሣ። እኔ የቆዳውን አንሥቼ አሸተትሁት።

«አባባ፣ ሰው ያያል እኮ» አለኝ ሀብቴ ቀስ ብሎ።

«ይይ» አልሁት።

ቅቤ ጠጥቶ የለፋ ቆዳ ነበር። ከአፍንጫዬ ሳላወርደው እግሬ ሥር እርጥብ ቆዳ የረገጥሁ መሰለኝ። በጣቶቼ መሀል ሲንሸራተት፣ ቆዳ የሚለፋበት የእምቧይ ምሬት ጉሮሮዬን ሲቧጥጠው፣ አያቴም ከድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው «በተረከዝህ! በተረከዝህ!» ሲሉኝ። ሀብቴና ሻጩ ሲነጋገሩ ቆዩ። እኔ እዚያ አልነበርሁም።

ቤታችን ከጉና ተራራ እግር ሥር ነበር፤ አሁንም ነው። ብርድ አገር ነው፤ ገብስ እንጂ ጤፍ አይወድደውም። ያኔ ስንት ዓመቴ እንደነበር አልናገርም፤ የማያውቁትን መናገር አልወድም። የወተት ጥርሴ ይወልቅ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ አንዱ ቆዳ ስረግጥ ወልቆ እዚያው ጠፍቶብኛል።

በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ የከብት በሽታ ገባ። መጀመሪያ ዓይናቸው ያነባል፣ ቀጥሎ አፍንጫቸው ይዘንባል፣ ከዚያ ያስቀምጣቸዋል፣ ከዚያ ይተኛሉ። የእኛ በሬዎች ቦራና ወይኖ ተከታትለው ተኙ። ሰው በሬ ሲሞትበት ከጎረቤቱ አንድ ተውሶ ያቀናጃል፤ የአገሩ ወግ ነው። በዚያ ዓመት ግን የሚዋሱት በሬ ጠፋ። ማዶም ባዶ፣ ወዲህም ባዶ። በሽታው ያልነካው ፈረስን ብቻ ነው።

ፈረስ ደግሞ በእኛ አገር አያርስም። ይህን ያላወቀ ሰው የምነግረው ሁሉ አይገባውም። ፈረስ ይጋለባል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ በጥምቀት ይሮጣል። አህያ ይጫናል፣ በሬ ያርሳል። ይህ እንደ ጾም ሥርዓት ነበር፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

አያቴ አያ ንጋቱ በአጥቢያው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ሁለት ፈረስ ነበራቸው፤ መጋላ የምትባል ቀይ ባዝራና ቡላ የምንለው ሰንጋ ፈረስ። የፈረሶቹ ዕቃ ከጎታው በላይ ግድግዳው ላይ ይሰቀል ነበር፤ ኮርቻው፣ ጀርባ የሚያለብሰው ቀይ ግላስ፣ ልጓሙ፤ ከሁሉም በላይ ግን ደረት ላይ የሚታሰረው ሰፊ ቆዳ። ዙሪያውን የናስ አዝራር ተመትቶበታል። ለሠርግ ይወርዳል፣ ለጥምቀት ይወርዳል፣ ለለቅሶ ይወርዳል። ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይህን ሁሉ ለብሶ በለቅሶተኛው መሀል ይዞራል፤ ያኔ ነው ሟቹ ማን እንደነበረ ሰው የሚያውቀው።

አያቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃውን አውርደው ቅቤ ይቀቡታል። እናቴ ትነጫነጫለች፤

«እኔ ራሴን የምቀባው አጥቼ የፈረስ ጌጥ ቅቤ ይጠጣል!»

«አንቺ ፀሐይ ቢመታሽ አትሰነጠቂም» ይሏታል አያቴ።

ዕቃው በነጭ ጨርቅ ስለሚሸፈን፣ እንዳልነካውም ስለተከለከልሁ፣ የሚወጣውም በበዓል ስለሆነ፣ እኔ ታቦት መስሎኝ ነበር። ስገባ ስወጣ እሳለመዋለሁ። አንድ ቀን አያቴ ያዙኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየተሳለምሁ።»

የሣቁ ይመስላችኋል? አልሣቁም። ወደ እናቴ ዞረው «ልጅሽ ሥርዓት ያውቃል» አሏት።

የእርሻው ጊዜ ደረሰ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቴ አለሙ ጉሮሮውን ጠረገና «አባዬ፣ በፈረሶቹ ላርስ ነው» አለ።

አያቴ የያዙትን ቁራሽ መልሰው አስቀመጡ። «በምን?»

«በፈረሶቹ።»

«መጋላ ሚስትህን በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችልህ ናት። እሷን ሞፈር ልታስጎትት?»

«ታዲያ ያመጣቻት ሚስቴ ምን ትብላ? ይህ ልጅስ ምን ይብላ?»

«እኔ አላየሁም፤ አልሰማሁም» አሉና ለምዳቸውን ደርበው ወጡ። ይህ በአያቴ ዘንድ ፈቃድ ነው። እኔ ግን አልገባኝም፤ እውነት ጆሯቸው የደነቆረ መስሎኝ ያን ቀን ሙሉ እየጮህሁ አናገርኋቸው። ማታ ላይ «ይህን ልጅ ምን ነካው?» አሉ።

አባቴ የበሬዎቹን ቀንበር አወጣ። ሌላ ምን ያውጣ? ያለው እሱ ነው። አባቱ በበሬ ሲያርስ ያየ ሰው ፈረስንም በሬ አድርጎ ይጠምዳል። ቀንበሩን በሁለቱ ፈረሶች ጫንቃ ላይ አጋደመና ማነቆውን በአንገታቸው ዙሪያ አሰረ። እኔ መጋላ አንድ ጥፋት አጥፍታ የምትቀጣ መስሎኝ፣ ምን አድርጋ ይሆን እያልሁ ሳስብ ነበር። ቡላ ተጎተተ ተጎተተና ቆመ። መጋላ አንገቷን ወደ ላይ ስትወረውር ማነቆው ጉሮሮዋ ላይ ገባ፤ ሲር ሲር እያለች በጉልበቷ ወደቀች።

ከወንዙ ማዶ የአያ ቸኮል ቤት ነበር። እሳቸውም ፈረሰኛ ናቸው። ከአያቴ ጋር በየጥምቀቱ ይሽቀዳደማሉ፤ ከዚያ ማን እንደቀደመ እስከሚቀጥለው ጥምቀት ድረስ ይጨቃጨቃሉ። ደመኛችን ይመስሉኝ ነበር። ያን ጠዋት ከጉብታቸው ላይ ቆመው ሁሉን አዩና ጮኹ፤

«አያ ንጋቱ! ጊዮርጊስ እንኳ ፈረሱን ሞፈር አላስጎተተውም!»

አላየሁም አልሰማሁም ያሉት አያቴ ከቤት ዘለው ወጡ። «ጊዮርጊስ በሬ አልሞተበትም!»

«ለጥምቀትስ በምን ልትመጣ ነው? በአህያ?»

«በአህያም እቀድምሃለሁ!»

ከዚያ ተመልሰው ገቡ። አባቴን ቀና ብለው አላዩትም።

አባቴ ግን እንደ እኔው ድርቅ ያለ ሰው ነው። ማነቆውን አላላው፣ ከቀንበሩ ሥር የበግ ቆዳ አነጠፈ፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ ሞከረ። በሬ በሻኛው ነው ቀንበር የሚገፋው፤ ፈረስ ሻኛ የለውም፣ ቀንበሩ ይንሸራተታል። «ሻኛ ቢኖራት ምን ነበር» ሲል ሰማሁት። ይህን ሰምቼ ይበቅላል ብዬ ያዝሁ። ለምን አይበቅልም? የእኔም ጥርስ ወልቆ ይበቅል የለም? በየማለዳው ወደ ጋጣቸው ገብቼ የመጋላን ጫንቃ እዳብሳለሁ። አንድ ጠዋት ታዲያ አገኘሁት። እንደ ዳቦ ክብ ብሎ ወጥቷል፤ ትኩስ ነው።

«አባዬ! አበቀለች! መጋላ ሻኛ አበቀለች!»

እናቴ ከት ብላ ሣቀች። አባቴ አልሣቀም። ሮጦ መጥቶ እጁን ሲያስጠጋ መጋላ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሲነካት ጥርሷን አሳየችው፣ አድርጋው አታውቅም። ያበጠው መግል ቋጥሯል። አባቴ ወጣና ቀንበሩን አንሥቶ ከአጥሩ ወዲያ ወረወረው። እኔ ሻኛው ደስ ሳያሰኘው ስለቀረ አኮረፍሁ።

በገበያው ዕለት አባቴ ይዞኝ ደብረ ታቦር ወረደ። እንድሪስ የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ የፈረስና የበቅሎ ዕቃ እየሠራ የሚሸጥ፣ ጢሙን በሒና ያቀላ፣ ዘወትር መርፌ በከንፈሩ ይዞ የሚያወራ ሰው። አንድ ቀን ይውጠዋል ብዬ አፉን አፉን አየው ነበር።

«አለሙ! በቅሎ ገዛህ ወይስ ሁለተኛ ሚስት?»

«በሬዎቼ አለቁ።»

እንድሪስ መርፌውን ከአፉ አወጣ። «ያ ረቢ» አለና ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀልን። አባቴ ያሰበውን ሲነግረው አልሣቀበትም። ያለውን ሁሉ ዘረገፈ፤ የበቅሎ መጫኛ፣ የቃጫ ገመድ፣ ጥሬ ጠፍር፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ወፍራም መጎተቻ።

«ይኸኛውን ሐሙሲት ሜዳ ላይ ጋሪ የሚነዱት ናቸው የሚወስዱት» አለ ጎማውን እያነሣ። «ፈረስ በደረቱ ይሳብ። አንገቱን ተውለት።»

አባቴ ጎማውን ተቀበለና ሳበው። ረገጠው። ነከሰውም፤ ነከሰው ስላችሁ እየቀለድሁ አይደለም። «ይህ አይበጠስም» አለ።

«አይበጠስም። ግን ጋሪ ይንከባለላል፤ ማረሻ መሬት ነክሶ ይይዛል። ፈረስህ ቀኑን ሙሉ ደረቷን ለዚህ ልትሰጥ ነው። ለስላሳ ነገር ያስፈልጋታል።»

«የለፋ ቆዳ ስጠኛ።»

«ከየት ላምጣ? ዘንድሮ ጥሬ ቆዳ እንደ ጉድ ነው፤ የለፋ ግን የለም። ያንተም በሬዎች ቆዳ ቤትህ ተዘርግቷል አይደለም? አልፋው። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን አልፋው።»

«ዝናቡ ይጠብቀኛል?»

እንድሪስ ወደ ጉና አየ። ጫፉ ላይ ደመና ተቀምጧል። ጎማውን ጠቅልሎ አሸከመን።

እንዲህ ነው የእኔ ሥራ የመጣው። የቦራን ቆዳ ውኃ ዘፈዘፉት፣ ፋቁት፣ የእምቧይ ፍሬ ጨቅጭቀው ቀቡት፤ እኔ ወጥቼ እረግጠዋለሁ። የልጅ እግር ደግ ነው ይባላል፣ አይቀድድም። ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ እንደ እንቁራሪት ጀርባ ነው። ፀሐይ ሲመታው ይሸታል፤ ያ ሽታ ከእግሬ ክረምቱን ሙሉ አልለቀቀኝም፣ እናቴ ከእሳቱ ዳር ታባርረኝ ነበር። ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ገና አልለቀቀም ነበርና እዚያ ጋ ስደርስ እዘልለዋለሁ። ቦራን ፊቱን መርገጥ ነውር መሰለኝ። አያቴ ከድንጋያቸው ሆነው ያያሉ።

«እዚያስ ለምን አትረግጥም?»

«ፊቱ ነው።»

«ተወው እንግዲህ» አሉ። ስለ እርሻው አንድ ቃል የማይተነፍሱት ሰው ስለ ቆዳው ግን ዝም አይሉም፤ በተረከዝህ፣ ዳሩን አትርሳ፣ ቅቤ ጨምሩበት። እናቴ ቅቤ ስትሰማ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

ቆዳው ገና እንደ ሳንቃ ሳለ አባቴ በጎማው ማረስ ጀመረ። የመጋላ ጫንቃ ሽሮ ነበር። የወረወረውን ቀንበር መልሶ አመጣው፤ በዚህ ጊዜ ግን ከላያቸው ወርዶ ከኋላቸው ሆነ፤ ከደረታቸው በግራና በቀኝ በጠፍር ተያያዘ። ሞፈሩ ረዘመ፤ አባቴ ከወገቡ ቆረጠው። ሞፈር መቁረጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ እናቴ ጆሮዋን ያዘች። ግን ሄዱ! በእውነት ሄዱ። አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም፣ ጥቁሩ አፈር እየተገለበጠ። እኔ ከኋላ እየሮጥሁ እልል አልሁ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጎማው ጋለ። ላብና አቧራ ገባበት። መጋላ ደረቷን ወዲያና ወዲህ ማሸት ጀመረች፤ ጠጉሯ ጎማው ላይ እየተጣበቀ ወጣ። ቆየችና ትልሙ መሀል እግሮቿን አጥፋ ተኛች። አባቴ ለመናት። ጅራፍ አነሣ፣ መልሶ ጣለው። ከዚያ አጠገቧ አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። አባቴን እንዲህ ተቀምጦ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጉና ላይ ነጎደ። ሰማዩ ገና አልወረደም፣ ግን መጣሁ እያለ ነው። ያ መሬት ሳይታረስ ዝናቡ ከያዘው ለዓመት ገብስ የለንም፤ ይህን እኔም በልጅነቴ አውቀው ነበር፤ ከእናቴ ፊት ላይ አንብቤዋለሁ።

አያቴ ከደጃፉ ቆመው አዩ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። አኩርፈው የገቡ መስሎኝ ተከተልኋቸው። ነጩን ጨርቅ ገልጠው የደረቱን ቆዳ አወረዱ። ይዘውት ወጡ፣ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ፣ ቢላዋ ጠየቁ። እናቴ ቢላዋውን ይዛ ቆመች እንጂ አልሰጠችም።

«አባዬ፣ ይተውት። ሌላ ነገር አይጠፋም።»

«ምን ሌላ ነገር? ደረቷን የሚያውቀው ይህ ብቻ ነው። ስንት ዓመት ቅቤሽን ጠጥቷል፤ አሁን ይክፈልሽ። አምጪ።»

ቆረጡት። ጫፎቹን በሁለት በኩል ሰንጥቀው ጠፍሩ እንዲገባበት ቀዳዳ አበጁለት። ለቡላ ደግሞ የእርካቡን ጠፍር ከኮርቻው ፈትተው ግላሱን ደራርበው ሰፉበት። ያ ቀይ ግላስ ሲቀደድ ድምፁ አሁን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ጮኼ አለቀስሁ፤ ታቦት የሚቆረጥ ነው የመሰለኝ። ሰማይ ይደፋብናል ብዬ ጋጣቸው ውስጥ ተደበቅሁ። ሰማዩ ባይደፋ ጊዜ ወጣሁ።

መጋላ ያ ቆዳ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። ጥምቀት መስሏት ይሆናል። ከተኛችበት ተነሣች፣ አንገቷን ዘርግታ ሳበች። የናስ አዝራሮቹን አያቴ አልነቀሏቸውም ነበርና ማሳው ላይ ስትሄድ ከሩቅ ያብለጨልጭ ነበር። አባቴ ዝናቡ ሳይገባ ማሳውን ጨረሰ። አያቴም አላየሁም አልሰማሁም ማለታቸውን ትተው፣ ከዳር ቆመው «ቡላን ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያሉ ጮኹበት።

ከዚያ ወዲያ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ሁሉም ምክንያት አለው። አንዱ እሳት ሊጭር መጣ፤ ያለፈው ቤት ሁሉ ጭስ እያጤሰ። አንዱ በግ ጠፋብኝ አለ፤ በግ የለውም። አንዱ አያቴን «እንዴት ሰነበቱ» ሊል ብቻ መጣ፣ ዓይኑን ግን ከመጋላ ደረት አላነሣም። አያቴ ያስቀምጡታል፣ ጠላ ያስቀዱለታል፣ ምንም አይሉትም። ሰውየው ሊወጣ ሲል «ለመሆኑ ያ ጠፍር…» ይላል። ያኔ «እንዲህ ብለህ አትጀምርም ነበር?» ይሉና ያሳዩታል። ሁሉም እየሄደ የየራሱን ጌጥ አወረደና ቆረጠ። በጥምቀት ሲያብረቀርቅ የምናውቀው ሁሉ አፈር ለበሰ።

ያልመጡት አያ ቸኮል ብቻ ነበሩ።

መጡ። ጠዋት ነው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አባርቷል፣ ገና አልጠናም። ጋቢያቸው ውስጥ አንድ ነገር ታቅፈዋል፤ የታመመ ሕፃን መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«ቸኮል ነህ?» አሉ አያቴ። «እሳት ነው ወይስ በግ?»

«እኔ ውሸት አላውቅም» አሉ አያ ቸኮል። «መሬቴ ጦሙን አደረ። ልጆቼ ሊራቡብኝ ነው።» ጋቢያቸውን ገለጡና የታቀፉትን አያቴ እግር ሥር አኖሩት። የፈረስ ዕቃቸው ነው። ከአያቴ ዕቃም ያምር ነበር፤ ይህን ያኔ ብናገር ኖሮ እደበደብ ነበር። «እኔ እጄ አልቆርጥ አለኝ። ቁረጠው።»

አያቴ አንሥተው ደባበሱት፣ አጠፉት፣ ዘረጉት። ቢላዋው አጠገባቸው ነው።

«አልቆርጠውም።»

«ለምን? ሰድቤህ ነው?»

«መስደብህንስ ትሰድባለህ፤ አፍህ ነው። እየው፣ የእኔ ተቆረጠ። የአጥቢያው ሁሉ ተቆረጠ። የቀረው ይህ ብቻ ነው። ይህን ከቆረጥሁ እኔ ስሞት ምን ለብሶ ፈረስ ይዞርልኛል? ራቁቱን ሊያዞሩልኝ ነው?»

አያ ቸኮል ዓይናቸው ቀላ። ከዚያ ግን ጮኹ። «አንተ ስትሞት? ማን ነገረህ ቀድመህ እንደምትሞት? በፈረስ ቀድመኸኝ አታውቅም፣ በሞትም አትቀድመኝም!»

«እሱን ጥምቀት ላይ እንጨቃጨቅበታለን። አሁን ይህን ጠቅልለህ ስቀል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ቅቤ ቀባው። ነገ ጉራቻ ፈረስህን አምጣና ከመጋላዬ ጋር ጥመደው፤ የቡላን መጎተቻ አልብሰው። ለወዲያኛው ዓመት ይህ ልጅ የወይኖን ቆዳ ረግጦ ያደርስልሃል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አይደለም?»

እግሬን አየሁት። «አዎ» አልሁ።

በማግሥቱ ጉራቻና መጋላ፣ በጥምቀት ሲሽቀዳደሙ የምናውቃቸው ሁለቱ፣ በአንድ ቀንበር ፊት ቆሙ። የአያ ቸኮል ማሳ ከገበያው መንገድ ዳር ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ሰው ወደ ገበያ ይጎርፋል። አያ ቸኮል ጋቢያቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጠምጥመው ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። እርፉን ያዙ። ትልሙ እንደ እባብ ሄደ።

ያኔ አያቴ ከቤት መጡ። ለበዓል የሚለብሱትን ነጭ ለብሰዋል፣ ዘንጋቸውን ይዘዋል። እርሻ ውስጥ በዚያ ልብስ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም። እናቴ «አባዬ፣ ጭቃ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች፤ አልሰሟትም። ቀጥ ብለው ሄደው የመጋላን ልጓም ያዙ፤ እንደ ሙሽራ ፈረስ መርተው ከፊት ከፊት ሄዱ። ከመንገዱ ላይ ሰው መቆም ጀመረ። የሚስቅም ነበረ። አያቴ ዞር አላሉም።

«ቸኮል!» አሉ እየሄዱ። «ፊቱን የሸፈነ ሰው ትልሙ ይጠምማል። ገበሬ ነህ ወይስ ሽፍታ?»

አያ ቸኮል ፈረሶቹን አቆሙ። ጥምጥሙን ፈቱና ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ፊታቸው በላብ ረጥቧል። ወደ መንገዱ ዞረው በዚያ በጥምቀት ሜዳ በሚያስተጋባ ድምፃቸው ጮኹ፤

«እንደምን አደራችሁ! አዎ፣ እኔ ነኝ! ቸኮል ነኝ! በፈረስ ነው የማርሰው!»

አንድ ሁለት ሰዎች «እንደምን አደሩ፣ አያ ቸኮል» አሉ። ሌሎቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ። አያ ቸኮል እርፉን ጫን አሉት፣ አያቴ ልጓሙን ሳቡ፣ ትልሙም ከዚያ ወዲያ ቀና።